የባሬላው የኋላ እጀታ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሕይወት ከፋብሪካ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና ትከሻዋን ማሸት ጀመረች። እኔ ነጠላ እየቋጨሁ ነበር። ደብረ ብርሃን ከተማችን ፋብሪካ እንደ አሸን ፈልቶባታል፤ ጠዋት ጠዋት ሰርቪስ የሚጠብቁት ልጆች ብዛት ታቦት ሊሸኙ የወጡ ነው የሚመስለው። ማታ ሲመለሱ ግን እንደ ሄዱ አይመለሱም፤ አንገታቸው ትከሻቸው ውስጥ ገብቶ ነው የሚመጡት።

"ምን ሆነሻል?" አልኳት።

"ምንም። አዲስ የገቡት ወንዶች ከእኛ የበለጠ ይከፈላቸዋል። አንድ ማሽን ላይ እኮ ነው የምንሠራው፤ እነሱ በዚያ በኩል ያስገባሉ፣ እኛ በዚህ በኩል እንቀበላለን።"

"እናንተስ ምን አላችሁ?"

"ምን እንላለን እማዬ፣ ተዪው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።"

ይህን ተረት ስሰማ ደሜ ይፈላል። ተረት የምጠላ ሰው አይደለሁም፤ ይህን የተረተው ሰውዬ ግን ሆዱ ሞልቶ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ ፀሐይ ላይ ጋለል ብሎ መሆን አለበት። እውነት ነው፣ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። እንጀራም አይገባም።

ልቆጣት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እሷን መቆጣት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መደብደብ ነው የሚሆነው። ነገር ግን "አንድ ማሽን" ያለችው ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ። እኛም በጊዜያችን አንድ ባሬላ ነበረን። ነጠላውን አስቀመጥኩና፣ "እስቲ ጫማሽን አውልቂ፣ አንድ ነገር ላውራሽ" አልኳት።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ያለፈበት ጊዜ ነው። ማትሪክ ወድቄ መንዝ፣ እናቴ ቤት ተመልሻለሁ። ተምሮ የወደቀ ሰው ገበሬ ቤት ሲመለስ ምን እንደሚሆን የደረሰበት ያውቀዋል። ማንም አይሰድብሽም። ገብስ ሲታጨድ "እሷ ተማሪ ናት፣ እጇ አይችልም" ይሉሻል፤ ደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ "እሷ ወድቃለች፣ ለካህኑ ልጅ ስጡት፣ እሱ ያንብበው" ይሉሻል። ከሁለቱም ያልሆንሽ ትሆኛለሽ። እኔም ከዚያ ቤት የሚያወጣኝ ማንኛውንም ሥራ ባገኝ እሠራለሁ ብዬ ነበር፤ እግዜር ይህን ሰምቶ ድንጋይ ላከልኝ።

በሰፈራችን በኩል ወደ ጓሳ አፋፍ የሚወጣ የበቅሎ መንገድ አለ። እሱን መኪና እንዲያስኬድ አድርጋለሁ ብሎ አንድ ኮንትራክተር መጣ። ያኔ በየስብሰባው "ልማት" የማይባልበት ቀን አልነበረም፤ መንገዱም የልማት ነው ተባለ፣ የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ተመዘገበ። ድንጋዩ የሚፈለጠው ከመንገዱ በታች ካለ ካባ ውስጥ ነው፤ ካባ የምንለው ቁልቁል የተቆፈረ ሰፊ የድንጋይ ጉድጓድ ነው። ከዚያ እያወጣን ሽቅብ ወደ መንገዱ እንሸከማለን። የምንሸከመው በባሬላ ነው፤ ሁለት ረጅም አጣና መሐሉ ላይ ሳንቃ ተመትቶበት፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ እጀታውን ይዞ የሚሄድበት።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት አንድ ባሬላ ላይ ያጣምራል። ወንዱ ከፊት፣ ሴቲቱ ከኋላ። "ወንድ ይመራል" ነው የካቦው ሕግ። ባሬላ ተሸክሞ ዳገት ያልወጣ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። ዳገት ላይ ከፊት ያለው ከፍ ይላል፣ ከኋላ ያለው ዝቅ ይላል፣ ድንጋዩ በሙሉ ወደ ዝቅተኛው ይንሸራተታል። ፊተኛው መንገድ ያሳያል፤ የሚሸከመው ኋለኛው ነው። ቅዳሜ ደመወዝ ሲሰጥ ደግሞ ለወንዱ ከኛ አብልጦ ይሰጠዋል። የወንዱም ቢሆን ጨውና በርበሬ ተገዝቶበት የሚያልቅ ነው፤ የኛ ግን በርበሬው ላይ ሳይደርስ ያልቅ ነበር።

ወቅቱ ኅዳር ነው። የመንዝ ኅዳር ጠዋት ውርጩ ሣሩን አንጥቶት ያድራል፣ የባሬላው እጀታ ብረት ይመስል እጅ ላይ ይጣበቃል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ፊትሽን ትልጠዋለች። ለምሳ በሶ በቅቤ አሽተን፣ ጭብጦ አድርገን በጨርቅ ቋጥረን እንመጣለን። ቅቤ የሌለው በውኃ ያሸዋል። ከነፋሱ ለመሸሸግ ካባው ውስጥ ተደግፈን ስንበላ፣ ሽቅብ ስናይ ካቦው ጎማ ላይ ተቀምጦ ካፖርቱን ተከናንቦ ይታየን ነበር።

ካቦው ታምራት ይባላል፤ ጋሽ ታምራት እንለዋለን። ኮንትራክተሩ ከአዲስ አበባ ያመጣው ሰው ነው። እንደ ሌሎች ካቦዎች አይማታም፤ ሲናገርሽ ግን ፊትሽን አያይም፣ ባሬላውን ነው የሚያየው። ከኮንትራክተሩ ፊት ሲቆም እጁን የሚያስቀምጥበት ይጠፋዋል፣ ከኛ ፊት ሲቆም ወገቡ ላይ ያደርገዋል።

የኔ ጥማድ ደምሴ የሚባል ጎረምሳ ነበር። ሸጋ ልጅ ነው፤ ግን ዝምተኛ፣ ክፉ ቃል ከሰማ ጫማውን የሚያይ። ከኛ ቀጥሎ ያለው ባሬላ ኋላ እጀታ ላይ ደግሞ አስካለ ነበረች። እትዬ አስካለ ነበር የምላት፣ በብዙ ዓመት ትበልጠኛለችና። ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም። ከባሏ ተፋታ፣ ሁለት ልጆቿን ይዛ፣ ዓይናቸው ከጠፋ አባቷ ከአባባ ጽጌ ጋር ትኖራለች። በዚያ ዓመት ገብሷን ጥቅምት ላይ ውርጭ መታው፤ ያጨደችው ገለባ ነበር። እንግዲህ ያ ቤት የሚበላው ከዚያ ባሬላ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ካቦውም ያውቃል።

አንድ ቅዳሜ ደመወዝ ለመቀበል ተሰልፈናል። አስካለ ተራዋ ሲደርስ የሰጣትን ተቀበለችና ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ቀረች።

"ጋሽ ታምራት፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?"

"ጠይቂ።"

"ባሬላ ስንት ጫፍ አለው?"

"ሁለት ነዋ። ምን ማለትሽ ነው?"

"ታዲያ የኋላው እጀታ ይቀላል እንዴ?"

ሰልፉ በሳቅ ተናጋ። ወንዶቹም ሳቁ። ካቦው ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። "ወንድ ቤተሰብ ያስተዳድራል፣ ለዚያ ነው" አለ።

"እኔ ቤት ሁለት ልጅና አንድ ዓይነ ስውር አለ። ሲርባቸው ወንድ አምጪልን አይሉኝም፤ እንጀራ አምጪልን ነው የሚሉኝ።"

አሁን የሳቀ የለም። ካቦው ባሬላዋን አየና፣ "ከሰኞ ጀምሮ እዚህ እንዳላይሽ" አለ። ይኸው ነው። ደምሴ ጫማውን አየ፣ የደምሴም ጓደኞች ጫማቸውን አዩ። ከመካከላቸው አንዱ ቀስ ብሎ፣ "ምን አስለፈለፋት፣ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም" ሲል ሰማሁት። እንግዲህ ያ ተረት ከኔ ጋር የተጣላው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

ቤቷ ድረስ ሸኘኋት። እኔ በንዴት አለቅሳለሁ፣ እሷ አታለቅስም። ደጃፏ ስንደርስ ትንሿ ልጇ ሮጣ መጥታ ቋጠሮዋን መፈተሽ ጀመረች፤ የምሳ ትራፊ ጭብጦ የምታመጣላት መስሏት ነው። አስካለ የልጅቷን እጅ ያዘችና፣ "ይሄን ሳምንት እንደ ምንም እናልፈዋለን ዘነቡ፣ የሚቀጥለውን ግን ምን እንደማበላቸው አላውቅም" አለችኝ። እንዲህ ስትል የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምንጩ ዳር የባሬላ ሴቶች ተሰበሰብን። ሁሉም ተቆጥቷል። አንዷ ወረዳ እንሂድ አለች። ሌላዋ፣ "ወረዳውማ ለካቦው ነው ወንበር የሚስበው" አለቻት። እኔ፣ "ሁላችንም ነገ እንቅር፣ ሥራው ይቁም" አልኩ፣ ተማሪ ነኝና።

"ብንቀርስ?" አለች አስካለ። "ሥራ ፈላጊ ዘመሮ ገበያ ላይ ሞልቷል። መኪና ልኮ ይጭናቸዋል።"

ከምንጩ ሽቅብ ሲታይ ጓሳ ነው፣ እስከ ሰማይ ድረስ ሣሩ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሳል። ጓሳ የሣሩም የቦታውም ስም ነው። ቤት የምንከድነው፣ ገመድ የምንገምደው፣ በክፉ ቀን ከብት የምናተርፍበት በሱ ነው። ስለዚህ አገሩ ተማክሮ ይዘጋዋል፤ ሣሩ እስኪደርስ ድረስ ማጭድ አይገባበትም፣ ከብት አይገባበትም። መዘጋቱን የሚያሳየው በሰፈራችን ልማድ አንድ ነገር ነው፤ ጫፉ ላይ የሣር ቋጠሮ የታሰረበት ዱላ በየመግቢያው ይተከላል። ያቺን ቋጠሮ አልፎ የገባ ሰው ጥንት የቤቱ ክዳን ይነቀልበት ነበር ይላሉ። በኛ ጊዜ ክዳን ባይነቀልም እሳት አይጫርለትም፤ ጎረቤቱ ፍም አይሰጠውም፣ ለቅሶ ቢደርስበት የሚቆምለት የለም። መንዝ ውስጥ ብቻውን የሚቀብር ሰው ከመሆን ራቁትን መሄድ ይሻላል።

አስካለ ጓሳውን ስታይ ቆየችና፣ "ጓሳ ሲዘጋ በየሜዳው ዘበኛ እናቆማለን እንዴ?" አለች። "ቋጠሮዋ አይደለች የምትጠብቀው?"

ሐሳቡ የኔ ነበር ብል ደስ ባለኝ። የሷ ነው። ካባው የኛ ሰፈር መሬት ነው፣ የጓሳው ጫፍ ላይ ነው፤ እንዝጋው አለች። ግማሾቹ ሳቁ፣ ግማሾቹ አማተቡ። ሴት ዘግታ አታውቅም፤ ድንጋይም ተዘግቶ አያውቅም። "እስቲ አባባን እንጠይቅ" ብለን ወደ አባቷ ሄድን፤ አባባ ጽጌ ዓይናቸው ሳይጠፋ ጓሳን ከሚዘጉት ሽማግሎች አንዱ ነበሩ።

አባባ ጽጌ መደብ ላይ ተቀምጠው ሰሙንና ዱላቸውን መሬቱ ላይ አሻሹት።

"ጓሳ የሚዘጋው ሣሩ እንዲያድግ ነው። ድንጋይ ያድጋል?"

"ደመወዙ ያድጋል አባባ" አለች አስካለ።

ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። "ስሙኝ ልጆቼ። መዝጋት ቀላል ነው። የዘጋ ግን ራሱ ይከፍታል። አንዴ ከተከላችሁ እኔም አልከፍትላችሁም፣ ቄሱም አይከፍቱላችሁም። እነዚህ ሕፃናት ቢርባቸው ቋጠሮዋን በልታችሁ እደሩ ነው የምላችሁ። ይህን ከቻላችሁ ትከሉ።"

አስካለ ልጆቿን አየቻቸው። "እንተክላለን" አለች።

ችግር የሆነው ሣሩ ነው። ጓሳው ራሱ በዚያ ወራት ዝግ ነበር፤ ሌላ ለመዝጋት ብለን ዝግ አናፈርስም። አስካለ ወጣችና ተንጠራርታ ከገዛ ጣሪያዋ ክዳን እፍኝ እፍኝ ትነቅል ጀመር። ጢስ የጠጣ፣ የጠቆረ ሣር ነው። "ዝናብ ቢገባስ?" አልኳት። "በልግ እስኪመጣ እከድነዋለሁ። ካልተሳካልኝ ምን የሚከደን ቤት ይኖረኛል?" አለችኝ። ቋጠሮውን አስተሳሰሩን ያሳየችኝ ያኔ ነው፤ ሁለቴ ይጠመለላል፣ ጫፉ ወደ ላይ ይመለሳል።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ካባው አፍ ላይ ነበርን። መሬቱ በውርጭ ጠንክሮ ዱላው አልገባ ብሎን በድንጋይ እየመታን ነው የተከልነው። ጣቶቼ ቋጠሮውን ይይዙታል እንጂ አይሰማኝም ነበር። ከዚያ ነጠላችንን አጣፍተን በአንድ ወገን ተቀመጥን። ፈርቼ ነበር፤ ግን እንደዚያ ቀን ቀጥ ብዬ ተቀምጬ አላውቅም።

ወንዶቹ እየተንጠባጠቡ መጡ። ቋጠሮዋን ሲያዩ የፊተኛው ቆመ፣ የኋለኛው እሱ ላይ ተደረበ፣ አንድ ባንድ እዚያው ቆመው ቀሩ። ካቦው ሲደርስ፣ "ምንድን ነው የቆማችሁት?" አለ።

"ዝግ ነው ጋሼ" አለ ደምሴ።

"ምኑ ነው ዝግ?"

"ካባው።"

"ማን ነው የዘጋው?"

"እኛ ነን" አልኩ ከተቀመጥኩበት። ድምፄ ቀጠነብኝ፣ ግን ወጣ።

ካቦው ሳቀ። ከዚያ መሳቁን ተወና፣ ፀረ ልማት ብዬ ለወረዳው አመለክታለሁ፣ አንድ ባንድ ነው የማስለቅማችሁ አለን። ያ ቃል በዚያን ጊዜ ቀላል አልነበረም። ከሴቶቹ አንዷ ተነስታ ልትሄድ ስትል አስካለ ቀሚሷን ይዛ አስቀመጠቻት። ካቦው ወደ ደምሴ ዞረ። "አንተ ደመወዝህ ሙሉ ነው፤ ምን አገባህ? ባሬላህን አንሳ።"

ደምሴ እንደ ልማዱ ጫማውን አየ። ጫማውን እያየም፣ "ዝግ ያፈረሰ ሰው እናቱ ስትሞት የሚቀብርለት የለም ጋሼ" አለና ባሬላው ላይ ቁጭ አለ። ሌሎቹም ተቀመጡ። ለኛ ብለው ነው ወይስ ለሬሳቸው ብለው? እኔ ምን አገባኝ። ተቀመጡ።

በማግስቱ አስካለ እንዳለችው ሆነ። አይሱዙ ከዘመሮ ገበያ የጫናቸውን ልጆች ይዞ እያቃሰተ መጣ። ጠንካራ ጠንካራ ጎረምሶች ናቸው፤ አካፋቸውን ይዘው ዘለው ወረዱ። በቃ፣ ሥራችን ሄደ፣ ተርበን ልናልቅ ነው አልኩ። ፊተኛው ልጅ እየዘፈነ ወደ ካባው አፍ ሄደ። ሄደ፣ ሄደና ቋጠሮዋ ጋ ሲደርስ ዘፈኑን አቋረጠ።

"ማን ነው የዘጋው?" አለን።

አስካለ ነገረችው። ለምን እንደሆነም ነገረችው፣ ስለ ኋላው እጀታ። ልጁ አካፋውን ትከሻው ላይ መለሰና ወደ ካቦው ዞረ። "ሥራ አለ ብለህ ነው ያመጣኸን፤ ዝግ ማፍረስ መች አልከን? በል ወደ አገራችን መልሰን" አለው። ተመልሰው መኪናው ላይ ወጡ። እሱ ራሱ የመንዝ ልጅ ነው፤ እናቱም የሣር ክዳን ቤት ውስጥ ነው የወለደችው።

ካቦው ያኔ ነው የተሳሳተው። ሮጦ መጣና ዱላዋን ከነቋጠሮዋ ነቅሎ ወረወራት። ቀላል ዱላ ናት፣ ነፋሱ ቁልቁል እያንከባለለ ወሰዳት። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ኮፍያውን አወለቀ።

እኛ ሴቶቹ ብቻችንን የጀመርነው ነገር ከዚያች ቅጽበት ወዲያ የኛ ብቻ መሆኑ ቀረ። እስከዚያ ድረስ "ሴቶቹ አብደዋል" ይሉ የነበሩ ሽማግሎች ከሰዓት ቆባቸውን ደፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው ወረዱ። ካቦው የሚያርፍባት ባልቴት ሻንጣውን ከነካፖርቱ ደጅ አውጥታ አስቀመጠችለት። ዳቦ ሊገዛ ሄዶ አልተሸጠለትም። ፍም ለመነ፣ ማንም አልጫረለትም። በኅዳር፣ በመንዝ ብርድ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ለብሶ አደረ አሉ። አዘንኩለት ብል እዋሻለሁ። ዛሬ ባዝን ኖሮ እነግርሽ ነበር።

ኮንትራክተሩ ሐሙስ በፒክአፕ መጣ። ወፍራም፣ ጨዋ አነጋገር ያለው ሰውዬ ነው። ሽማግሎቹን፣ "እናንተ ትልልቅ ሰዎች ናችሁ፣ ይህን ነገር ክፈቱልኝ፤ ለቤተ ክርስቲያኑም ቆርቆሮ አስባለሁ" አላቸው። "የዘጋ ይከፍታል" አሉት። እሱም እንግዲህ ቁልቁል ወደ አስካለ ቤት ሄደ፤ እኛም ተከተልነው።

አስካለ ደጃፏ ላይ የበግ ፀጉር እየፈተለች ነው። ልጆቿ ከጎኗ ተቀምጠዋል። ሌማቱ ባዶ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጠዋት እናቴ የላከችውን የገብስ ቂጣ ያመጣሁት እኔ ነኝና። እሱንም ለሁሉም ተቆርሶ አልበቃም ነበር።

"ወይዘሮ አስካለ፣ ስህተት ተፈጽሟል" አለ ኮንትራክተሩ። "ነገ ሥራሽ ላይ ግቢ። ደመወዝሽን ከወንዶቹ እኩል አደርገዋለሁ። ያለፈውንም እክስሻለሁ።"

እንዝርቷ ቆመ። ትንሿ ልጅ እናቷን ቀና ብላ አየች። እውነቱን ልናገር፣ በልቤ "እሺ በይ" እያልኩ ነበር። ማን ይፈርድባታል?

"የሌሎቹስ?" አለች አስካለ።

"የሌሎቹን ቀስ ብለን እናየዋለን። አሁን ያንቺን ጉዳይ እንጨርስ።"

"የኔን ብቻ?" አለችና እንዝርቷን እንደገና አሾረች። "ባሬላ ብቻዬን እሸከማለሁ እንዴ?"

ኮንትራክተሩ ደጃፉ ላይ የተቀመጡትን አባቷን አየ። አባባ ጽጌ በማያይ ዓይናቸው ጓሳውን ያያሉ። ሰውዬው ተነሳና መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። ሞተሩ ሲንተከተክ፣ ሲንተከተክ ቆየ። እኛ አንተያይም። አስካለ ክሩን ትስባለች፤ ሁለቴ ተበጠሰባት፣ ሁለቴም ቀጠለችው። በልግ ሳይጥል መንገዱን ካላስረከበ ሰውዬውም የሚጠይቀው አለቃ ነበረው። ሞተሩ ጠፋ።

"የሁሉም ይሁን" አለ በመስኮት። "አሁን ክፈቱልኝ።"

ዓርብ ጠዋት አገሩ ሁሉ ካባው አፍ ላይ ተሰበሰበ። አስካለ ካባውን ልትከፍት ስትነሳ አንድ ሽማግሌ አስቆሟት። "መጀመሪያ የነቀለ ይትከል" አሉ። ነፋሱ የወሰዳት ዱላ ተፈልጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ተገኝታለች። ካቦ ታምራት፣ ያልተላጨ ፂሙን እያሻሸ፣ በሁለት እጁ ተቀበለና ከነበረችበት ጉድጓድ መልሶ ተከላት። አጠመማት፤ "አቃና" አሉት፣ አቃናት። አስካለ ያኔ ነቀለቻትና ሣሯን ፈትታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። ክዳኗ ነዋ፣ ትመልሰዋለች።

ከዚያ ወደ ባሬላዋ ሄደች። ጥማዷ ከፊት ሊይዝ ጎንበስ ሲል ቀድማው የፊቱን እጀታ ያዘች። ካቦው አፉን ከፈተ። ሽማግሎቹ እንዳልሄዱ አየ፣ አፉንም መልሶ ዘጋ። እኔም ምን እጠብቃለሁ፣ ዞርኩና ከፊት ገባሁ። ደምሴ ምንም ሳይል ከኋላ ሄደ።

ዳገቱን ከፊት ሆኜ ስወጣው ሰማይ አየሁ። ይህ እንደዋዛ የሚነገር አይደለም፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ ዳገት ላይ የማውቀው የደምሴን ጀርባ ብቻ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ባሬላው ተንገዳገደ።

"ዘነቡ፣ ቀስ በይ እስቲ" አለ ከኋላዬ እያለከለከ። "ይኸ ነገር እንዲህ ይከብድ ኖሯል እንዴ?"

"ማን ጠይቆን ያውቃል?" አልኩት።

ከዚያ ወዲያ በየተራ ሆነ፤ አንድ ዙር እሱ ከፊት፣ አንድ ዙር እኔ። በዚያች ጥያቄው ምክንያት ነው ያገባሁት ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ነገሩን አሳምሬ እንዳልነግርሽ፣ ደመወዙ እኩል ሆነ እንጂ በቂ አልሆነም። ኮንትራክተሩ መንገዱን ጨርሶ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ እዚያ ያሉትን ሴቶች ከኋላ እንዳሰለፋቸው ሰምተናል። ግን የአስካለ ልጆች ያን ዓመት በሉ። ጣሪያውም በልግ ሳይጥል ተከደነ፤ እኔም ሣር አቀብያለሁ።

ሕይወት ይህን ሁሉ ስትሰማ ጫማዋን አላወለቀችም። የአባቷ ጥያቄ ጋ ስደርስ ትንሽ ሳቀች። ከዚያ፣ "እኛ ጋ ግን ሣር የለም እማዬ" አለች። "የመንዝ ልጆችም ብቻ አይደለንም፣ ከየአገሩ የመጣን ነን። ቋጠሮ ባስር ጠራጊዋ ናት በመጥረጊያ የምትወስደው።"

ልክ ናት። የእኛን ቋጠሮ የሚጠብቃት አገር ነበረን፤ እነሱ ገና አገር መሆናቸው ነው። ነጠላዬን አነሳሁና መቋጨቴን ቀጠልኩ።

ሕይወት፣ "አስካለ ግን ያንቺን ብቻ ላስተካክል ሲላት ለምን እምቢ አለች? ልጆቿ እየራባቸው?" አለች።

አጠያየቋ ደስ አላለኝም። ቀና ብዬ አየኋት። ዓይኗን ሰበረች፣ ልክ እንደ አባቷ ጫማዋን አየች።

"ላንቺም እንደዚያ ብለውሻል" አልኳት።

"አለቃችን ትናንት ለብቻዬ ጠራኝ። ላንቺ እናስተካክላለን፣ ለሌሎቹ እንዳትነግሪ አለኝ። እስከ ሰኞ አስቢበት አለኝ።" ከዚያ ቶሎ ብላ፣ "የቤት ኪራዩን እኮ ልንከፍልበት እንችላለን" አለች።

እናት እምቢ በይ ብላ ልጇን ከሥራ ታስወጣለች? እሺ በይስ ብላ እንዴት ታድራለች? አባባ ጽጌ ያን ቀን ለምን ጓሳውን ሲያዩ እንደዋሉ የገባኝ በዚህ ዕድሜዬ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስመን መጣን፣ ሽሮ በላን፣ ተኛን።

ሰኞ ጠዋት ሰርቪሱ ጥሩምባውን ሲነፋ ደብረ ብርሃን በውርጭ ነጥታ ነበር። ሕይወት ሻርፗን ተጠመጠመችና በሩን ከፍታ ወጣች። ከደጅ ተመልሳ ብቅ አለች።

"'ባሬላ ብቻዬን እሸከማለሁ እንዴ?' ነው የምላቸው" አለችኝ።

"ባሬላ ምን እንደሆነ አያውቁም እኮ" አልኳት።

"ይጠይቁኛ" አለችና ሄደች።